መጋዙ አይቆምም

እናንተ ብትሆኑ ኖሮ መጋዙን ታቆሙት ነበር?

አዎ ለማለት አትቸኩሉ። ከሩቅ ሆኖ አዎ ማለት ቀላል ነው። በእኛ የባሕር ዳርቻ፣ የመርከብ አከርካሪ የሚሆነው ግንድ ጫፉ ሲቆረጥ፣ መጋዙ አንዴ ከነከሰ ቁራጩ እስኪለይ ድረስ አይቆምም። ዝናብ ቢጥል አይቆምም። የጎታቹ ሚስት ወልዳ ቢጠሩት አይቆምም። መጋዙ የቆመባት መርከብ መሐል ባሕር ላይ ትቆማለች ይባላል። ቁራጩም መሬት መንካት የለበትም። ስለዚህ አንድ ሰው ከግንዱ ሥር ተንበርክኮ፣ እጁን ዘርግቶ ይጠብቀዋል።

ሳንግካላን ለዚህ ሥራ የመረጡት ከእጁ ነገር ወድቆ ስለማያውቅ ነው። ልጅ ሳለ ታላቅ እኅቱ ቦሎ ማንጎ ዛፍ ላይ ወጥታ የምትወረውርለትን ሁሉ ይቀልብ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶ እንኳ ይቀልብ ነበር። ለመጋዙ ሲመረጥ ዕድሜው አሥራ አምስት ነው፤ አባትና እናታቸው በኩፍኝ ዓመት ስለሞቱ ከቦሎ ሌላ የሚጠይቅለት ሰው የለውም። ቦሎ ሸራ ሸማኔ ናት፤ ባሏ ወደ ማካሳር ከተማ ሄዶ አልተመለሰም።

ግንዱ በተቆረጠበት ቀን የሆነውን የመርከብ ሠሪው መንደር ሁሉ አየ። ከዚያ ማንም አላየም። ዋና አናጢው ፑአንግ ጋፓ እንዲህ ብለው ተናገሩ፦ ልጁ ቁራጩን ጣለው፤ ሊያነሣው ሲሻማ ሥራውን ጨርሶ የቆመው መጋዝ ላይ እጁን ቆረጠ፤ ደሙ የፈሰሰው አሸዋ ላይ ነው። ሌሎቹም ይህንኑ ደገሙ።

እነሱ ባሉትና በሆነው መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ቁራጭ መጣል ትንሽ ጥፋት ነው፤ መርከቧ ውሃ ስትገባ ይታጠባል። የሰው ደም በሚሄድ መጋዝ ወደ አከርካሪው ከገባ ግን ዋና አናጢው በመርከቧ የመጀመሪያ ጉዞ ራሱ መሳፈር አለበት። ያበሰለው ይቅመሰው ነው ሕጉ። ፑአንግ ጋፓ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ መርከብ ሠርተው የሸኙ፣ በአንዷም ተሳፍረው የማያውቁ ሰው ነበሩ። መዋኘት እንደማይችሉ ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገረው ግን የለም።

ቁስሉ ቶሎ ተዘጋ። ኖራና የታኘከ ቅጠል ተለጠፈበት፣ የኮኮናት ዘይት ተቀባ፣ ሩዝ ሳይታጨድ ጠባሳው እንደ ቀጭን ክር ሆኖ ቀረ። መንደሩ «ዳነ» አለ። ሕመሙ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

እጁ አንዳንድ ቀን የተቀቀለ ሸርጣን ይመስላል። ሌላ ቀን ይጠቁርና ሲነኩት የሞተ ዓሣ ያህል ይቀዘቅዛል። ጥፍሮቹ ወፍረው ተጣመሙ። ሌላው ገላው ደርቆ ሳለ ያ እጅ ብቻ ያልበዋል። ሽርጥ ሲነካው ፍም፣ ንፋስ ሲነካው ፍም። ሰው መሬቱን ረግጦ ሲያልፍ እንኳ ይሰማዋል። መጀመሪያ ሲያለቅስ አዘኑለት። ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ ሲያለቅስ ግን ተሰለቹበት። ያልዳነን ሰው ያስታምሙታል፤ ድነሃል የተባለ ሰው ሲያቃስት ግን የሚሰድባቸው ይመስላቸዋል። ይህን ጭካኔ የሚሠሩት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሩዛቸውን የሚያካፍሉ፣ ለለቅሶ ቀድመው የሚደርሱ ሰዎች ነበሩ። የሚያበሳጨኝም እሱ ነው።

ፑአንግ ጋፓ መድኃኒቱን ተናገሩ። «ሕመሙ የእሱ አይደለም፤ ቁራጩ መሬት ስለነካ የተቀየመችው መርከቧ ናት። ውሃ ስትገባ ይዛው ትሄዳለች» አሉ። ለሁሉም የሚመች መድኃኒት ነው፤ መጠበቅ ብቻ ነው። ሳንግካላም ጠበቀ። ማልቀሱን ተወ። መብላቱንም ሊተው ምንም አልቀረው ነበር። ቦሎ ዓሣ ማጥመጃ በሚሠራበት አሠራር ከቀርከሃ ስንጣሪ ትንሽ ቅርጫት ሠራችለትና እጁን በውስጡ እያንጠለጠለ፣ ጨርቅም ንፋስም ሳይነካው፣ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ መርከቧ ቁመት ስታወጣ ያይ ነበር።

መርከቧ ውሃ የምትገባበት ቀን ጠዋት ሁለቱ ከቤታቸው መሰላል ወርደው ወደ ባሕሩ ቁልቁለቱን ጀመሩ። መንገዱ ሰው በሰው ነበር። ከጎረቤት መንደሮች ሁሉ ገመድ ለመሳብ መጥተዋል፤ ሴቶቹ በሙዝ ቅጠል የታሰረ ሩዝ ተሸክመዋል፣ ወንዶቹ ሽርጣቸውን ከጉልበታቸው በላይ አሸርጠዋል።

«ሳንግካላ! ዛሬስ ምን አጠመድክ?» አለ አንድ ትንሽ ልጅ ቅርጫቱን እያየ።

«ሸርጣን ነው ባክህ!» አለ ሌላው። «ክፈትና አሳየን፣ አንበላብህም!»

«ሂዱ ከዚህ!» አለች ቦሎ። «የእናታችሁ ድስት ሳይታጠብ አድሯል፣ ሂዱና እሱን ላሱ!»

ልጆቹ እየሳቁ ሮጡ። ሳንግካላ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ከኋላቸው ዳኤንግ ላሎ ደረሰባቸው፤ በዚያ ቀን ከመጋዙ ሁለት ጫፎች አንዱን ይዞ የነበረ ሰው ነው። ቀልደኛ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቀልዱ ሁሉ ከቦሎ ጋር ነው፤ ልጁን አያየውም።

«ቦሎ፣ ያቺን ቅርጫት ለጫጩቶቼ ትሰጪኛለሽ እንግዲህ። ከዛሬ ወዲያ ምን ታደርግልሻለች?»

«ለአፍዎ መክደኛ ትሆናለች፣ ዳኤንግ ላሎ።»

«ኧረ እሷማ ትጠብበኛለች!» ብሎ ሳቀና ቀድሟቸው ሄደ።

ብቻቸውን ሲሆኑ ቦሎ ርምጃዋን ቀነሰች።

«ስማኝ። ፑአንግ ጋፓ ሲጠይቁህ ሄደ በል።»

«ባይሄድስ?»

«ሄደ በል አልኩህ። ከዚያ ቤት ገብተህ ትታመማለህ። ቤት ውስጥ ማን ያይሃል?»

«እሺ።»

«ገዥያችን ካራኤንግ መርከባቸው ላይ ቦታ እሰጠዋለሁ ብለዋል። ምግብ ማብሰልም ቢሆን ቦታ ነው። አልሄደም ካልክ ግን፣ ጥሎት ሲያበቃ ልቡን አላጠራም ይሉሃል። ከዚያ ወዲያ የማንም ግንድ አጠገብ አትደርስም። የመርከብ አገር ውስጥ ከመርከብ የተባረረ ሰው ምን ይበላል? እኔ እስከ መቼ እሸምናለሁ?»

«እሺ አልኩሽ እኮ፣ ዳኤንግ» አለ፤ ታላቃችንን ሁሉ በዚህ ማዕረግ ነው የምንጠራው።

እሺ ይላል። ብላ ሲሉት እሺ፣ ተኛ ሲሉት እሺ። በሰውና በራሱ መካከል ያለውን በር የሚዘጋበት ቃል ነበር። ቦሎም ይህን ታውቃለች፤ ከዚያ በላይ ለመጠየቅ ግን ጉልበት አልነበራትም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሲታመም ማየትም አንድ ቀን ይደነዝዛል። ይደነዝዛል ነው የምለው፤ ይለመዳል አላልኩም።

መርከቧ አሸዋው ላይ ተጋድማ፣ መሪዋና ምሰሶዋ ገና ሳይተከል፣ እርቃኗን ትጠብቃለች። ፍየሉ በማለዳ ታርዷል። የአገሩ ገዥና የመርከቧ ባለቤት ካራኤንግ ከቢጫ ጃንጥላ ሥር ቆመዋል፤ ጩቤያቸው በወገባቸው፣ የሚያኝኩት ቅጠል ሣጥን በአሽከር እጅ። ያን ሰሞን አገሩን የያዙት ሆላንዶች ቡሉኩምባ ወደብ ላይ ግብር ስለጨመሩባቸው ይህቺ መርከብ የወቅቱ ንፋስ ሳይለወጥ ለንግድ መነሣት አለባት። መርከበኞቹ ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለዋል። ዛሬ የሚያዩት ነገር ደስ ካላላቸው የማይሳፈሩት እነሱ ናቸው።

ፑአንግ ጋፓ ነጭ ለብሰው መሰርሰሪያውን ይዘው ከመርከቧ ሆድ ሥር ገቡ። እምብርቷን ሊከፍቱ ነው። መርከብ በእኛ ዘንድ ልጅ ናት፤ እምብርት ሳይኖራት አትወለድም። መሰርሰሪያው ሲዞር የእንጨቱ ብናኝ በመዳፋቸው ላይ ወረደ። በዘይት ለወሱትና ወጡ።

«ና፣ አንተ ልጅ። ቅርጫትህን አውልቅ።»

ሳንግካላ ሄደ። ቅርጫቱን ፈታ። ያን እጅ በአደባባይ ያላዩት ብዙ ነበሩና ሰዉ አንገቱን አሰገገ።

«ዛሬ ተወልዳለች» አሉ ፑአንግ ጋፓ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የያዘችብህን ትለቃለች። ውሃ ስትገባ፣ መልሳ የምትሰድደው የመጀመሪያው ማዕበል እጅህን ይንካው።» ከዚያ በአውራ ጣታቸው ዘይቱን ጠባሳው ላይ አድርገው ጫኑት። ደጋግመው አሹት።

ሳንግካላ አልጮኸም። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

«አያችሁ? ዝም አለ!» አለች አንዲት ሴት።

«እየለቀቀው ነው! ድሮ ቢሆን ንፋስ ሲነካው ነበር የሚያለቅሰው!»

ቦሎ ግን የምታየው ሌላ ነው። ያ ልጅ ሕመሙ ሲበዛ ፊቱ ሰው እንደለቀቀው ቤት ባዶ ይሆናል። ወደ እግሩ አየች። የእግሩ ጣቶች አሸዋውን ቆፍረው ገብተዋል።

ገመዱ ተዘረጋ። ሳንግካላን ወስደው ውሃው ጫፍ ላይ አቆሙት። ቦሎም እንደ ሌላው ሁሉ ገመዱን ያዘች። አቀንቃኙ መርከቧ ላይ ቆሞ መጥራት ጀመረ፣ ሰዉም መመለስ።

«ማን ነው የሚስባት?»

«እኛ!»

«የማን ልጅ ናት?»

«የሁላችን!»

መርከቧ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠች፤ ቆመች። እንደገና ጮኹ። ከሥሯ የተነጠፉት ግንዶች አጓሩ፣ ዘይት የተቀባው እንጨት ጨሰ። ቦሎ ተረከዟን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ሳበች። የሁላችን አለች። ድምፅዋ ከሌላው ድምፅ ጋር ወጣ፤ ከዚያ የተለየ ነገር አልተሰማትም። መዳፏ ሲላጥም አልተሰማትም። ከዚያ ገመዱ በድንገት ላላ፤ ሰዉ እርስ በርሱ ላይ ወደቀ፤ መርከቧ ውሃ ላይ ነበረች። ቀና ብላ፣ ሳታዘምም፣ እንደ ዳክዬ።

እልልታውም ጩኸቱም ቀለጠ። ካራኤንግ ፈገግ አሉ። ከዚያ ሁሉም አንድ በአንድ መድኃኒቱ ትዝ አለው። ፊቱን ወደ ልጁ አዞረ።

ሳንግካላ ተንበርክኮ ነበር። መርከቧ የሰደደችው ማዕበል መጣ። እጁን ነከረው። ጨው ነው። እዚያው አቆየው፤ እንደታዘዘው።

«ሳንግካላ!» አሉ ፑአንግ ጋፓ። «ባሕሩ ወሰደልህ?»

ከሰዉ መካከል ቦሎ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፦ *ሄደ በል*። ሳንግካላ አያት።

«አልሄደም» አለ።

ዝናቡ አላባራም እንደሚል ሰው ነው ያለው።

«ምን አለ?» አሉ ካራኤንግ።

«አልሄደም አለ፣ ካራኤንግ» አለ አሽከሩ ዝቅ ብሎ።

መርከበኞቹ መተያየት ጀመሩ። አንደኛው ተነሥቶ ቆመ። «እንግዲህ ቅያሜዋ ካልወጣ ምን ላይ ነው የምንሳፈረው?» አለ ለጓደኛው፣ ግን ሰው እንዲሰማው አድርጎ። ፑአንግ ጋፓ ሰሙት። ነጩ ልብሳቸው ጀርባቸው ላይ በላብ ተጣብቋል። ወደ ልጁ ቀረቡና እንደ አባት ትከሻውን ያዙት።

«መርከቧ ለቃሃለች። አንተ ነህ ያልለቀቅካት። ጥፋትህን በልብህ ይዘህ ስለቆየህ ነው። ቁራጩን መጣልህን አንድ ቀን በአፍህ አላመንክም። እመን፤ ይለቅሃል።»

«ካመንኩ ይለቀኛል?»

«ይለቅሃል።»

«በእውነት?»

«በመጥረቢያዬ እምላለሁ።»

ሳንግካላ ትንሽ አሰበ። የሚያሳፍር ነገር ሊናገር እንደሆነ ሰው አልመሰለም፤ ያልሞከረው መድኃኒት እንደተሰጠው በሽተኛ ነበር።

«ጣልኩት» አለ።

ከሰዉ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። አንዳንዱ «አላህ ይመስገን» አለ። ካራኤንግ ራሳቸውን ነቀነቁ። መርከበኛው መልሶ ቁጢጥ አለ። ሁሉም ነገር ቦታው ገባ፤ ነጋዴው ወደ ንግዱ፣ ሴቶቹ ወደ ሩዛቸው ሊሄዱ ነው።

ሳንግካላ ግን ገና እጁን እያየ ይጠብቃል። ጠበቀ። ገለበጠው። ከዚያ ቀና አለ።

«አልለቀቀኝም፣ ፑአንግ።»

አንድ ሰው ሳቀ።

«አልጣልኩትም ነበር እኮ» አለ ልጁ፣ አሁንም ያለ ቁጣ፣ ነገሩን ለማስረዳት ያህል። «ይለቅሃል ስላሉኝ ነው። አልጣልኩትም። መጋዙ እጄ ላይ ሲሄድ እርስዎን ሳይዎት ነበር። እርስዎም ሲያዩኝ ነበር።»

ፑአንግ ጋፓ እጃቸውን ከትከሻው አነሡ። «ልጁ ሕመሙ አእምሮውን ነክቶታል» አሉ ለካራኤንግ። «አያችሁት፤ አንዴ ጣልኩ ይላል፣ አንዴ አልጣልኩም ይላል። ምን ይደረግ። ወደ ቤቱ ይውሰዱት።»

ሁለት ሰዎች ሊወስዱት ተነሡ። የዋህ ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ቅርጫቱን እንኳ አንሥቶለታል።

ቦሎ ገመዱን እስካሁን አልለቀቀችውም ነበር። መዋሸትን ለልጁ የመከረችው እሷ ናት። በጠዋት፣ መንገድ ላይ፣ ሁለቴ። ሄደ በል ስትለው ልቧ ምንም አላላት። «ጣልኩት» ሲል ስትሰማው ግን ማንጎዎቹ ታዩአት። ከላይ ሆና በክፋት ወደ ጎን የወረወረቻቸው፣ እሾሁ ውስጥ ዘሎ ገብቶ ደረቱ ተቧጥጦ የቀለባቸው። ከዚያ ልጅ እጅ ነገር ወድቆ አያውቅም። ጣልኩት አለ። ሕመሙን እንዲያስቆሙለት።

ገመዱን ጣለች። ሰዉን እየገፋች ሄደች። ከዳኤንግ ላሎ ፊት ስትደርስ ቆመች።

«ዳኤንግ ላሎ። መጋዙን ይዘው ነበር።»

ላሎ እግሩን አየ። ሊቀልድ ከንፈሩን ከፈተ። አልመጣለትም።

«ቦሎ፣ ተይ» አለ በሹክሹክታ። «ሽማግሌ ናቸው። ዋና አይችሉም።»

ይህን ያህል ብቻ ነው ያለው። ቦሎ ግን ሰማችው፤ አጠገቧ የነበሩትም ሰሙት፤ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ሲያልፍም ታየ። እሷ ቀጠለችና ከቢጫው ጃንጥላ ፊት ለፊት ደረሰች። እንደ ደንቡ ሽርጧን አስተካከለች። ጎንበስ ብላ፣ ቀኝ እጇን ወደ መሬት ዘርግታ፣ ሴት ሸማኔ በገዥ ፊት ማለፍ እንደሚገባት አለፈች። ደንቡን ሁሉ ፈጸመች፤ ከዚያ ቀና አለች።

«ካራኤንግ ይፍቀዱልኝ። ጥያቄዬ ለእርስዎ አይደለም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው» አሉ ካራኤንግ።

«አዎ፣ ካራኤንግ። ስስብ ነበር፤ መዳፌን ይዩት።» ወደ ዋና አናጢው ዞረች። «ፑአንግ ጋፓ። እርስዎ የአባቴንም መርከብ ሠርተዋል። ሕጉን አልሰደብኩም። መጋዙ አይቆምም ከተባለ አይቁም። ለምን አላቆሙትም ብዬ አልጠይቅዎትም፤ በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም አላቆመው ይሆናል።»

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉ ሽማግሌው። ዓይናቸው ያለው ባሕሩ ላይ ነበር፤ መርከቧ ላይ አልነበረም፣ ከሥሯ ያለው ውሃ ላይ።

«ወንድሜ በማያልቅ እሳት ውስጥ ነው። ቁስሉ ድኗል ብለው አሳመኑን፤ እሺ አልን። የመርከቧ ቅያሜ ነው አሉ፤ እሺ አልን። ጠብቁ አሉ፣ ጠበቅን። አሁን ደግሞ ያላደረገውን አሳምነውት ስላልተሻለው አብዷል አሉ። የሚያመው እሱን ነው፤ ይሁን፣ ያመዋል፣ እኔ እይዘዋለሁ። ነገር ግን በሕመሙ ላይ የእርስዎን ፍርሃት አይሸከምልዎትም።»

ቅርጫቱን የያዘው ሰው እንደያዘው ቀረ። ሳንግካላ እኅቱን ያያል። ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር ሰውን እንዲህ ካየ።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅዎት። የወንድሜ እጅ ከግንዱ ሥር ሳለ መጋዙ ይሄድ ነበር ወይስ ቆሞ ነበር? በጆሮዬ አይንገሩኝ። ማታ ቤቴ መጥተው፣ እቃ ይዘው፣ አይንገሩኝ። ገመድ የሳበው ሁሉ እዚህ አለ። ካራኤንግ እዚህ አሉ። የሚሳፈሩባትም እዚህ ናቸው። ይሄድ ነበር ወይስ ቆሞ ነበር? ጮክ ብለው ይመልሱ፣ ፑአንግ። ሁላችንም ቆመናል። ይመልሱ!»